የዚህ ወር ሁለት ፊልሞች

ውድ የፊልም ቡድናችን አባላት፣

በዚህ ወር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፈረንሳይ የተሠሩ ሁለት ፊልሞችን እናያለን። አንዱ ያስቃል፣ ሌላው እንቅልፍ ይነሳል።

የመጀመሪያው የዣክ ታቲ «ዡር ደ ፌት» (እ.ኤ.አ. 1949) ነው። ታቲ ራሱ የገጠር ፖስተኛ ሆኖ ይተውናል። የአሜሪካ ፖስተኞችን ቅልጥፍና በፊልም ያይና «እንደ እነርሱ ካልፈጠንሁ» ብሎ ብስክሌቱ ላይ ይወጣል። ከሚሄድ የጭነት መኪና ኋላ ተጠግቶ፣ ፔዳሉን እየረገጠ፣ የመኪናውን ጀርባ ጠረጴዛ አድርጎ ደብዳቤ ላይ ማኅተም ሲመታ ልብ ብላችሁ እዩት። ንግግሩ ጥቂት ስለሆነ ፈረንሳይኛ ባንችልም የሚቀርብን ነገር የለም። ፊልሙ በሁለት ካሜራ፣ በቀለምም በጥቁርና ነጭም ተቀርጾ ነበር፤ ባለቀለሙን ማጠብ ስላልተቻለ ግን በጥቁርና ነጭ ወጣ። ባለቀለሙ ቅጂ ተጠግኖ ለሕዝብ የደረሰው በ1995 ነው፤ ታቲ ካረፈ ከ12 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ሁለተኛው የአንሪ ዦርዥ ክሉዞ «ሌ ዲያቦሊክ» (1955) ነው። የአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሚስትና ውሽማው ተባብረው ሊገድሉት ይነሳሉ። በውኃ መታጠቢያው ትዕይንት ጆሯችሁን አቅኑ፤ ከላይ ፎቅ ያሉት ጎረቤቶች ራዲዮ እያዳመጡ ሳለ የቧንቧው ድምፅ ይረብሻቸዋል። የሚያስፈራውም እርሱ ነው፣ ሙዚቃ አይደለም።

ክሉዞ በመጨረሻው ላይ ተመልካቹ ምሥጢሩን ለሌላ እንዳይነግር ይማጸናል። ከዚህ በፊት ያያችሁትም እባካችሁ ላላዩት አትንገሩ።