በዲስክ ያያችሁትን ፊልም አስተያየት እስከ ዓርብ ላኩ

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ወር በዲስክ ስላያችሁት ፊልም ወይም ተከታታይ ድራማ አስተያየታችሁን እስከ ዓርብ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ። ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እዚሁ ግሩፑ ላይ በድምፅ እንወያያለን፣ የሚቀጥለውን ወር ተከታታይም ያን ጊዜ እንመርጣለን።

"አሪፍ ነው" ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ታሪኩ ይዟችኋል ወይስ መሃል ላይ ሰለቻችሁ? መጨረሻውን የምትናገሩ ከሆነ አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ፣ ያላየ ሰው አለ።

አደራ፣ ፊልሙንና ዲስኩን ለይታችሁ መዝኑ። ዲቪዲ ላይ ምስሉ 480 ወይም 576 መስመር ብቻ ነው፣ ብሉሬይ (ከዲቪዲ በኋላ የመጣው ጥራቱ ከፍ ያለ ዲስክ) ግን 1080 ስለሚደርስ ሁለት ሰዎች ያንኑ ፊልም አይተው አንዱ "ደብዛዛ ነው" ሌላው "ጥርት ያለ ነው" ቢሉ ሁለቱም ልክ ናቸው። ስለዚህ የዲስኩን ዓይነት ጻፉ። ተከታታይ ከሆነ ደግሞ በአንድ ዲስክ ስንት ክፍል እንደታጨቀ እዩ። ተራው ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ነው የሚይዘው፣ ብዙ ክፍል ሲጫንበት ምስሉ ከልክ በላይ ይጨመቅና ሩጫና ድብድብ ላይ ካሬ ካሬ እየሆነ ይበላሻል። ጥሩ ድራማ በዚህ ምክንያት ሲናቅ በጣም ያሳዝነኛል። የዳይሬክተሩ ማብራሪያ (ፊልሙ እየታየ ስለ አሠራሩ የሚናገርበት ድምፅ) ካለውም ንገሩን፣ ለእኔ የዲስክ ትልቁ ጥቅም እሱ ነው።

ዲስክ የምትዋዋሱ ሽፋኑ ጀርባ ላይ ያለውን የሪጅን ምልክት (ዲስኩ ለየትኛው የዓለም ክፍል እንደተሠራ የሚያሳየውን ቁጥር ወይም ፊደል) እዩ፣ ከማጫወቻችሁ ጋር ካልገጠመ ላይከፍት ይችላል።

ቅዳሜ የምትገኙ "አለሁ" ብላችሁ መልሱልኝ። የማይመቻችሁም አስተያየታችሁን ላኩ፣ እኔ አነብላችኋለሁ።