እግሬን ለያዛችሁልኝ ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሜ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ቀጥዬ እናንተን። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ የማኅበር እህቶቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ አዲስ አበባ ሆናችሁ በስልክ ያልተለያችሁኝ ዘመዶቼ፤ ብድራችሁን እሱ ይክፈላችሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደሰማችሁት ኤምኤስ የሚባል በሽታ ተገኝቶብኛል። ሙሉ ስሙ መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው። የሰውነታችን መከላከያ ራሱ ይዞርና የአንጎልና የአከርካሪ ነርቮችን ሽፋን ያጠቃል። አንዱን ዓይኑን፣ ሌላውን ሚዛኑን ይነሳዋል። እኔን እግሬን ያዘኝ። ያገረሸብኝ ጊዜ ከአልጋዬ እስከ መታጠቢያ ቤት መድረስ አቅቶኝ ነበር። አሁን ደህና ነኝ። በከዘራ እሄዳለሁ፤ ሥራም ግማሽ ቀን ጀምሬያለሁ።

ከናንተ ጋር አንዲት የማታውቀኝን ሴት ማመስገን እፈልጋለሁ። ክርስቲና አፕልጌትን።

ተዋናይት ናት። እ.ኤ.አ. በ1971 ሎስ አንጀለስ ተወለደች። እናቷም ዘፋኝና ተዋናይት ስለነበረች ካሜራ የለመደችው ገና በሕፃንነቷ ነው። ስሟን ያስጠራው በ1987 የጀመረው «ማሪድ ዊዝ ቺልድረን» የተባለ አስቂኝ የቴሌቪዥን ድራማ ነው፤ የቤቱ ሴት ልጅ ኬሊ ባንዲን ሆና 11 ሲዝን ተጫወተች። እኔ እዚህ አገር ስገባ በድጋሚ ይታይ ነበር። ግማሹ ቀልድ አይገባኝም፤ ግን ሌሎቹ ሲስቁ እስቅ ነበር። «ፍሬንድስ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ በእንግድነት ቀርባ በ2003 ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ተሸለመች። በ2005 በኒውዮርኩ የቲያትር ሠፈር በብሮድዌይ ለሚቀርብ ሙዚቃዊ ቲያትር ስትዘጋጅ እግሯ ተሰበረ፤ አገግማ መድረክ ላይ ጨፈረችበት። በ2008 ደግሞ፣ በ36 ዓመቷ፣ የጡት ካንሰር ተገኘባት። ሁለቱንም ጡቶቿን በቀዶ ጥገና አስወገደች። ለካንሰር ተጋላጭ የሆኑ ሴቶች የኤምአርአይ ምርመራ እንዲያገኙ የሚረዳ ድርጅትም አቋቋመች።

ይህ አልበቃ ብሎ በ2021 «ዴድ ቱ ሚ» የተባለውን የቴሌቪዥን ድራማ ሦስተኛ ሲዝን እየቀረጸች ኤምኤስ እንዳለባት ተነገራት። ምልክቱ ቀድሞም ነበር፤ በመጀመሪያው ሲዝን ስትጨፍር ሚዛኗን ትስት እንደነበር ኋላ ላይ ተናግራለች። ማን ልብ ይላል? እኔንም መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም ድካም ነው ብሎ ቫይታሚን ነው ያዘዘልኝ።

ቀረጻው ለወራት ቆመ። ከዚያ ተመለሰችና ጨረሰችው። አንዳንድ ቀን ወደ መቅረጫው የምትሄደው በተሽከርካሪ ወንበር ነበር። በር ላይ ቆማ ስትታይ፣ ከካሜራው ዕይታ ውጭ የድምፅ ባለሙያው ወለሉ ላይ ሆኖ እግሯን ይይዝላት ነበር።

ይቺን ሳነብ ሆዴ ባባ። የናንተን ነገር አሰብኩ። ሌሊት ከታክሲ ሥራ ወጥቶ ደረጃውን አቅፎ ያወጣኝን። በደም ሥሬ መድኃኒት ሲሰጠኝ ሰዓቱን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጣ ስትሰለች ያላየኋትን። ሽሮውን በየዕቃው ለይታ ፍሪዘሬን የሞላችውን። ልጄን ከትምህርት ቤት መመለሱን በተራ የያዛችሁትን። ሰው ሲያይ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ እግሬን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ።

ክርስቲናን የማመሰግንበት ሌላም ነገር አለ። በሽታውን አላሳመረችውም። መቼም አልቀበለውም፣ ተናድጃለሁ ብላ ለጋዜጣ ተናገረች። እኛ ቤት እንዴት ነሽ ሲሉን መልሱ አንድ ነው፤ ተመስገን። ቢያምም ተመስገን፣ ቢብስም ተመስገን። ምስጋናው ጥሩ ነው፣ አልጠላውም። ግን አንዳንድ ቀን መናደድም ያምረኛል። እሷ ከተናገረች በኋላ እኔም «ዛሬ ደህና አይደለሁም» ማለት ጀመርኩ። አንዳችሁም አልተቆጣችሁኝም። እማዬ ብቻ ጠበል ግቢ አለችኝ፤ እሱንም እሺ ብያታለሁ፣ መድኃኒቴን ሳላቋርጥ።

ኅዳር 2022 የታዋቂ ሰዎች ስም በኮከብ በሚቀረጽበት የሆሊውድ ጎዳና ላይ የራሷ ኮከብ ሲሰጣት በባዶ እግሯ ቆመች። ጫማ ሚዛኗን እንደሚያስቸግራት እኔ አልጠየቅኳትም፤ ገብቶኛል። በ«ማሪድ ዊዝ ቺልድረን» እናቷን ሆና የተጫወተችው ኬቲ ሴጋል ከጎኗ ነበረች። ጥር 2024 የኤሚ ሽልማት መድረክ ላይ በከዘራ ስትወጣ አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። እሷ ደግሞ ተነሥታችሁ በመቆማችሁ በአካል ጉዳቴ እያሳፈራችሁኝ ነው ብላ ቀለደች። ሳቅሁ። ይኸኛው ቀልድ ሙሉ በሙሉ ገባኝ።

አሁን ወደ ጉዳያችን። የሚቀጥለው ወር ማኅበር ተራው የኔ ነው፤ አይዛወርም። ወጡን ግን እናንተ ትሠራላችሁ፣ ዳቦውን ከሱቅ እንገዛለን። ሙቀት ሕመሜን ስለሚያባብስብኝ ከሰሉን በረንዳ ላይ አድርጉልኝ። ከዘራዬን ለመደበቅ የምትሞክር ካለች ደግሞ አልሰማትም፤ ቀይ ገዝቻለሁ።