ለመንገደኛ ወሩን ብቻ ሳይሆን ከፍታውንም ንገሩት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ለበዓላት ወደ አገራቸው ለሚመጡ ወገኖችና ለውጭ አገር ጎብኚዎች ምክር ይሆን ዘንድ በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ሐሳቡ በጎ ነው፤ በተለይም ስለ ማረፊያና ስለ ገንዘብ ምንዛሪ የሰፈረው ብዙ ሰው ይጠቅማል። የአየር ጠባዩ ነገር ግን «ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ስለሆነ ጉዞ አይመከርም፤ ከጥቅምት ጀምሮ አገሩ ደረቅና ሞቃት ነው» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ተዘግቷል። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጎብኚ እየጫንኩ የአገሪቱን መንገድ ስመላለስበት የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ይህች ዓረፍተ ነገር ስንቱን እንደምታስቸግር ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ኢትዮጵያ 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሰፋ፣ ሁለመናዋም ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ3 እና በ15 ዲግሪ ኬክሮስ መካከል የሚገኝ አገር ናት። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ቀኑና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ከሞላ ጎደል እኩል ነው፤ ሰዓታችንን ከንጋት ጀምረን መቁጠራችን እስከ ዛሬ ያስኬደንም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህም ሙቀቱ እንደ አውሮፓና እንደ አሜሪካ ከወር ወር ብዙ አይለዋወጥም። አዲስ አበባ ላይ እጅግ ቀዝቃዛ በሚባለው ወርና እጅግ ሞቃት በሚባለው ወር አማካይ ሙቀት መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ሲሆን፣ በኅዳር ወር ግን በአንዱ ቀን በንጋትና በቀትር መካከል ብቻ ከ12 ዲግሪ የሚበልጥ ልዩነት ይታያል። ሙቀቱን የሚወስነው የቆምንበት ከፍታ ነው፤ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። በአፋር የዳሎል አካባቢ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1966 በተወሰደ ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በአንጻሩ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። እነዚህ ሁለት ቦታዎች ያሉት በአንድ አገር፣ በአንድ የቀን መቁጠሪያ ሥር ነው። «በታኅሣሥ አየሩ እንዴት ነው?» ለሚል ጠያቂም የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ «የት?» የሚል መሆን አለበት።

አባቶቻችን ይህንን ያውቁ ነበርና አገሩን በወር ሳይሆን በከፍታ ከፋፍለው ስም አወጡለት። ከ500 ሜትር በታች ያለውን በረሃ፣ ከዚያ እስከ 1,500 ሜትር ያለውን ቆላ፣ እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ያለውን ወይና ደጋ፣ ከዚያ በላይ እስከ 3,200 ሜትር የሚደርሰውን ደጋ፣ ከእርሱም በላይ ያለውን ውርጭ ብለውታል። ገበሬው ዛሬም የሚዘራውን የሚመርጠው፣ ሽማግሌውም የሚለብሰውን የሚያውቀው በዚህ ነው። እናንተም በአማርኛ የምትጽፉ ሆናችሁ እነዚህን ቃላት አንድ ጊዜ እንኳ አለመጥቀሳችሁ አስገርሞኛል።

የምለውን በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ ሰው የሰሜን ሸዋውን መንገድ እጠቁመዋለሁ። እኔ የምኖርባት ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በብርዷ የታወቀች ከተማ ናት። ከዚህ ወደ ደሴ ሲጓዙ ጣርማ በር ላይ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ በክረምት ጉሙ እዚያ መንገዱ ላይ ስለሚተኛ ሾፌሮች በእኩለ ቀን መብራት አብርተው፣ አንገታቸውን ወደ መስታወቱ አስግገው ነው የሚያልፉት። ዋሻውን አልፈን ደብረ ሲና ስንደርስ ቆሎ ሻጮች መኪናውን ይከብቡታል፤ እኔም ቆሎ ስገዛ መስኮቱን ስከፍት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር አስተውል ነበር። የሚገባው አየር ከጣርማ በሩ የተለየ፣ ለስለስ ያለ ነው። ቁልቁለቱ ሲቀጥል ከኋላ የተቀመጡት እንግዶች በመጀመሪያ ሻርባቸውን፣ ቀጥሎ ጃኬታቸውን ያወልቃሉ፤ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ስንገባ ማንጎና ፓፓያ በመንገድ ዳር ተደርድሮ ይጠብቀናል፣ አንዱም «አየር ማቀዝቀዣ የለህም ወይ?» ብሎ ይጠይቀኛል። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ሃምሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ወሩ ያው፣ ቀኑም ያው ነው፤ የወረድነው ግን 1,700 ሜትር ያህል ነው። ከድሬዳዋ ተነሥቶ በደንገጎ በኩል ወደ ሐረር የሚወጣ ሰውም ይህንኑ በተቃራኒው ያየዋል።

ሁለተኛው ችግር የቃል ነው። ክረምት የሚለውን ቃላችንን መዝገበ ቃላት «ዊንተር» ብሎ ይተረጉመዋል፤ በጋን ደግሞ «ሰመር» ይለዋል። በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም ያደገ ልጅ ግን ዊንተር ሲባል ብርድ እንጂ ዝናብ አይታየውም፤ ሰመር ሲባልም ቁምጣና ነጠላ ጫማ ነው የሚታየው። ጽሑፋችሁ «ከጥቅምት ጀምሮ ደረቅና ሞቃት» ሲል ይህንን ስሕተት ያጠናክረዋል። አንድ ጊዜ ከአሜሪካ የመጡ ባልና ሚስት ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ገናን ላሊበላ ለማክበር ከእኔ ጋር ሄዱ። ጉዞውን ያዘጋጀላቸው ድርጅት «በጋ ነው፣ ቀለል ያለ ልብስ ይበቃል» ብሏቸው ኖሮ ልጆቹ ከስስ ልብስና ከአዲስ አበባ ከተገዛ ነጠላ በስተቀር የያዙት አልነበረም። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቀኑን ፀሐይዋ ፊት ስታቃጥል ስለዋለች ማንም አልጠረጠረም። ሌሊቱን ከምእመናኑ ጋር ውጭ ሲያድሩ ግን ትንሿ ልጅ ጥርሷ ይንገጫገጭ ጀመር። ከዋግ በእግራቸው የመጡ አንዲት እናት «ነይ የኔ ልጅ» ብለው ከጋቢያቸው ሥር አስገቧት፤ ጠዋት ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ ሲዘመርም እዚያው ሥር እንዳለች ነበር የሰማችው። እናቷ በኋላ «ለምን ማንም አልነገረንም?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ፤ እኔም ከአዲስ አበባ ስንነሣ ልጠይቃቸው ይገባኝ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደጋው አገር የቀኑ ብርድ የክረምት፣ የሌሊቱ ብርድ ግን የበጋ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩን የሸፈነው ደመና ፀሐይን ስለሚከለክል ቀኑ ይቀዘቅዛል፤ ሌሊት ግን ያው ደመና ምድሪቱ ቀን የያዘችውን ሙቀት እንደ ብርድ ልብስ ያቆይላታል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ሙቀቱ ያለ ከልካይ ወደ ላይ ስለሚያመልጥ ውርጭ የሚጥለው፣ ባቄላውንም የሚያቃጥለው በዚህ ጊዜ ነው። በሰሜን ተራሮች ከ3,600 ሜትር በላይ ባለው የጨነቅ ሰፈር በታኅሣሥ ድንኳን ተክሎ ያደረ ሰው ጠዋት የድንኳኑ ጨርቅ በረዶ ለብሶ ሊያገኘው ይችላል።

ዝናቡም ቢሆን በመላ አገሪቱ በአንድ ጊዜ አይዘንብም። ከሰሜንና ከደቡብ የሚነፍሱት ነፋሳት የሚገናኙበት ዝናብ አምጪ ቀበቶ ፀሐይን እየተከተለ በዓመት አንዴ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ ተመልሶም ይወርዳል። ሲወጣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት በደቡቡ ላይ ያልፋል፤ በሐምሌና በነሐሴ ሰሜኑንና መካከለኛውን ደጋ ያረሰርሳል፤ ሲመለስም በጥቅምትና በኅዳር ደቡቡን እንደገና ይነካዋል። ስለዚህ ጎጃም አንድ ረጅም የዝናብ ወራት ሲኖረው ቦረናና ሶማሌ ሁለት አጫጭር የዝናብ ወራት አሏቸው። ሶማሌዎች የመጀመሪያውን «ጉ»፣ ሁለተኛውን «ደይር» ይሉታል፤ ቦረናዎች ደግሞ «ገንና» እና «ሐገያ»። የሚገርመው፣ ገንና የሚለው የኦሮምኛ ቃል በወለጋና በሸዋ የሐምሌና የነሐሴውን ክረምት ሲያመለክት በቦረና ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን ዝናብ ማመልከቱ ነው። አንድ ቋንቋ ተናጋሪ ሕዝብ እንኳ ቃሉን እንደ አገሩ ዝናብ ካዘዋወረው፣ እኛ ለአገሪቱ በሙሉ አንድ ክረምት የምንደነግገው በምን ሥልጣን ነው?

ይህን አለማወቅ የሚያስከፍለውን ዋጋ በራሴ ላይ አይቻለሁ። በሚያዝያ ወር እንግዶች ይዤ ወደ ደቡብ ኦሞ ስሄድ የላከኝ ቢሮ «ክረምቱ ገና ነው፣ መንገዱ ደረቅ ነው» ብሎ የአንድ ሳምንት ዝርዝር ጉዞ አስይዞኝ ነበር። ቱርሚ አካባቢ አንድ አሸዋማ ደረቅ ወንዝ ዳር ስንደርስ በላያችን ጠብታ ዝናብ የለም፣ ወንዙ ግን ከላይ አገር በዘነበው ጎርፍ ቡናማ ሆኖ ግንድ እያንከባለለ ይሄዳል። አንድ የሐመር ወጣት በትሩን ውኃው ዳር ተክሎ፣ ውኃው ከበትሩ ምን ያህል እንደራቀ በየጊዜው እያየ «ገና ነው» በሚል ምልክት እጁን ያወዛውዝልን ነበር። አምስት መኪና ሆነን እዚያው አደርን። እነዚያው እንግዶች በነሐሴ መጥተው ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም በእናንተ ምክር ጉዞ በማይመከርበት ወር፣ አርባ ምንጭንም ኮንሶንም ኦሞንም በደረቅ መንገድና በቀለለ ሙቀት ባዩ ነበር። የትምህርት ቤት ዕረፍት የሚያገኙት በዚያው ወር ብቻ የሆኑ የዳያስፖራ ቤተሰቦች ብዙ ናቸውና ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

በምዕራቡና በደቡብ ምዕራቡ፣ በጎሬና በከፋ በኩል፣ ዝናብ የማይጥልባቸው ወራት ጥቂት ናቸው፤ ለዚህም ነው ጫካውና ቡናው እዚያ ያለው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው በየትኛውም ወር የዝናብ ልብስ ይያዝ ከማለት በቀር የምጨምረው የለኝም። አፋር ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከመቀሌ ተነሥቶ ወደ ሐመድ ኤላ የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ቀን ከ2,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይሄዳል፤ ታኅሣሥና ጥር የሚቻሉ ናቸው፣ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ግን ለማንም አልመክርም። ወደ ኤርታሌ የእግር ጉዞው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንዲጀመር ልማድ የሆነውም ለትዕይንቱ ብቻ ሲባል አይደለም። የየመንገዱ የሰላም ሁኔታ ከአየሩ በፊት መጣራት ያለበት መሆኑን አልዘነጋሁም፤ እሱን ግን ጋዜጣው ከእኔ ይልቅ በየዕለቱ ይከታተለዋል።

የደጋውን ክረምትም ቢሆን እንዲሁ ጥሎ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚወርድ ጠዋት 12 ሰዓት የተነሣ ሰው ግማሽ ቀን ያተርፋል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስሙን የሚያገኘው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው፤ በበጋ ግን አብዛኛው ውኃ ለኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ እንግዳው ቀጫጭን ክር አይቶ ቅር ብሎት ይመለሳል። አደይ አበባንም ለማየት የሚመጣ ከመስከረም ወዲህና ወዲያ አያገኛትም። እርግጥ ነው ከአስፋልት የወጣ መኪና በዋልካ መሬት ላይ ጎማው የጭቃ ጫማ ለብሶ ይቀራል፤ ስለዚህ ምክሩ «በክረምት አትጓዙ» ከሚሆን ይልቅ «በክረምት ከአስፋልት አትውጡ» ቢሆን ይሻላል።

ስለ ጤናም ከፍታው የሚናገረው አለ። ወባ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ያለ በሽታ ሲሆን የሚበረታውም ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው፤ ይኸውም በአብዛኛው ጽሑፋችሁ «ደረቅና ሞቃት» ባለው ወቅት ላይ ይወድቃል። በሌላ በኩል ከጎባ ወደ ሳነቲ አምባ የሚወጣ መኪና በጥቂት ሰዓት ውስጥ 4,000 ሜትር ያልፋል፤ ቀይ ቀበሮ ለማየት ከመኪና ዘሎ ወርዶ የሚሮጥ እንግዳ በራስ ምታት ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቀስ ብሎ መራመድና ውኃ መጠጣት እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ቢነገረው ቀኑ ባልባከነበት ነበር።

አንድ ነገር በመንገዴ ላይ ልጨምር። አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ለቱሪዝም ያወጡት የታወቀው መፈክር በእንግሊዝኛው ስለ አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ነው የሚያወራው፤ በአማርኛው ግን «የ13 ወር ፀጋ» ተባለ። እኔ አማርኛው እውነቱን ይበልጥ የያዘ ይመስለኛል፤ ዝናቡም ጉሙም ውርጩም ፀጋ ከተባለው ውስጥ ይገባሉና።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። በጉዞ ዓምዳችሁ የምትጠቅሱት ከተማና ሥፍራ ሁሉ በስሙ አጠገብ ከፍታው በሜትር ይጻፍ፤ ዝናቡ በዓመት አንድ ጊዜ ወይስ ሁለት ጊዜ እንደሆነና በየትኞቹ ወራት እንደሚወርድ በአንድ መሥመር ይጠቀስ፤ ወራቱም በእኛም በፈረንጆችም አቆጣጠር ይቀመጡ፣ ምክንያቱም ቲኬት የሚቆርጠው ልጅ ሚያዝያ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። የጥምቀት ዕትማችሁ ሲደርስ ደግሞ ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗንና የከተራ ሌሊት ወፍራም ጋቢ እንደሚያስፈልግ ባትዘነጉ ደስ ይለኛል። በሥራ ዘመኔ ያለፍኩባቸውን ከተሞች ከፍታ የመዘገብኩበት ደብተር አለኝና፣ ከፈለጋችሁት ገልብጬ ልልክላችሁ እችላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጡ የጉብኝት መኪና አሽከርካሪ
ከደብረ ብርሃን