የስድስት ወር ፍጆታ በአንድ ወር ታሪፍ የተሰላበት የውሃ ሂሳብ እንዲታረም የቀረበ ቅሬታ

መጋቢት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለከተማው የመጠጥ ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ድርጅት
ለደንበኞች አገልግሎትና ሂሳብ አሰባሰብ የሥራ ሂደት

ጉዳዩ፦ የየካቲት ወር 2018 ዓ.ም. የውሃ ሂሳብ እንዲታረምልኝ ስለመጠየቅ

በስሜ ለተመዘገበው የመኖሪያ ቤት ቆጣሪ ለየካቲት ወር የመጣው ቢል 58 ሜትር ኩብ ፍጆታና 2,100 ብር ክፍያ የሚል ነው። ይኸው ቆጣሪ ባለፈው ዓመት በወር ከ14 እስከ 16 ሜትር ኩብ ሲያስነብብ የቆየ ሲሆን፣ ቤተሰባችንም የቆጣሪ ኪራዩን ጨምሮ በወር 240 ብር አካባቢ ሲከፍል ኖሯል። ቆጣሪው ላይ የሚታየውን ቁጥር አልከራከርም። ቅሬታዬ ድርጅቱ በስድስት ወር ውስጥ የተጠቀምነውን ውሃ በአንድ ወር እንደ ጨረስነው ቆጥሮ፣ ብዙ ውሃ ለሚያወጡ ደንበኞች በተቀመጠው ከፍተኛ እርከን ስላስከፈለን ነው።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው መስከረም የሰፈራችን የውስጥ መንገድ ኮብልስቶን ሊነጠፍበት በተቆፈረ ጊዜ ነው። ከአጥራችን ውጭ፣ ከበሩ በስተግራ ያለው የቆጣሪ ሳጥን ተቋራጩ ባፈሰሰው ገረጋንቲ ተቀበረ፤ ቀጥሎም የተጠረበ ድንጋይ ተከመረበት። ከዚያ ወዲህ ቆጣሪ ማንበብ አልተቻለም። ክምሩን ያስቀመጠው ተቋራጩ፣ የሳጥኑ ባለቤትም ድርጅቱ በመሆኑ፣ ሁለቱ ተነጋግረው እንዲያስነሱልን ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ማመልከቻው በመዝገብ ቤታችሁ ገቢ ሆኖ ማኅተም ያረፈበት ቀሪ በእጄ አለ፤ ኮፒውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። መልስ ግን አልተሰጠኝም።

በእነዚያ ወራት ሂሳቡ መምጣቱን አላቋረጠም። እንደ ብዙው ደንበኛ በቴሌብር የምከፍል በመሆኔ ስልኬ ላይ የሚታየው ጠቅላላ የሚከፈለው ብር ብቻ ነው፤ የቀድሞው ንባብ ስንት፣ ያሁኑ ንባብ ስንት እንደ ሆነ፣ ንባቡም እውነተኛ ይሁን ግምት የሚገልጽ ነገር የለበትም። በዚህ ወር ግን ወደ ቢሮአችሁ መጥቼ የስድስቱ ወር ዝርዝር ታትሞ እንዲሰጠኝ ስጠይቅ፣ ከመስከረም እስከ ጥር በአምስቱም ወር ያለ አንዳች ልዩነት 7 ሜትር ኩብ ተሞልቶ አገኘሁት። መስቀል በዋለበት ወርም፣ ጠላ ተጠምቆ እንግዳ በተቀበልንበት የጥምቀት ወርም፣ እንዲህ ያለ ድግስ በሌለበት ኅዳርም እኩል 7 ሜትር ኩብ የሚጠቀም ቤት በዚህች ከተማ ያለ አይመስለኝም። የድርጅቱ ሲስተም ቢያንስ ይህን የመሰለ ድግግሞሽ አይቶ አንድ ባለሙያ ወደ ቤቱ እንዲላክ ማሳሰብ ነበረበት።

የካቲት መጨረሻ ላይ ተቋራጩ የቀረውን ድንጋይ ሲያነሳ ቆጣሪ አንባቢያችሁ መጣ። የሳጥኑ ክዳን በጭቃ ተጣብቆ ስለነበር በመፈንቀያ ነው የተከፈተው፤ ባለሙያው መስታወቱን በውሃ ባራሰው ጨርቅ ጠርጎ 1,697 የሚለውን እኔ ባለሁበት መዘገበ፤ እኔም በስልኬ ፎቶ አንስቼዋለሁ። ሥራውን በጥንቃቄ እንደሠራ ልመሰክርለት እወዳለሁ። ጥፋቱ የተፈጠረው ያ ቁጥር ወደ ሂሳብ ክፍል ከገባ በኋላ ነው።

ባለፈው ዓመት ማብቂያ፣ በጳጉሜን 2017 የተመዘገበው የመጨረሻው እውነተኛ ንባብ 1,604 ነበር። በግምት የተሞላው 35 ሜትር ኩብ ሲደመርበት የጥር መዝጊያ 1,639 ሆነ፤ የካቲት ላይ እውነተኛው 1,697 ሲነበብ ልዩነቱ በሙሉ፣ ማለትም 58 ሜትር ኩብ፣ የየካቲት ፍጆታ ተብሎ ተመዘገበ። እውነታው ግን ከ1,604 እስከ 1,697 ያለው 93 ሜትር ኩብ የስድስት ወር ፍጆታ መሆኑ ነው። ይህ ለስድስት ሲካፈል በወር 15 ሜትር ኩብ ተኩል ይመጣል፤ ድርጅቱ ራሱ ባለፈው ዓመት ሲያነብብልን ከነበረው ልክ አልወጣም።

በአንድ ወር 58 ሜትር ኩብ አውጥተናል ማለት ደግሞ የሰፈራችንን የውሃ ሁኔታ ለሚያውቅ ሰው የሚታመን አይደለም። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ ነው። በቤታችን ያለው አንድ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሲሆን 58 ሜትር ኩብ ማለት ይህንኑ ሮቶ 58 ጊዜ መሙላት ነው፤ ውሃ በሚመጣበት በእያንዳንዱ ሌሊት ስድስት ሰባት ጊዜ እየሞላን እየደፋን ብናድር እንኳ ለመድረስ ያስቸግራል። ፈረቃውን ያወጣው ድርጅቱ ራሱ ስለሆነ ይህን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል ብዬ እገምታለሁ።

ታሪፉ ከእርከን ወደ እርከን የሚጨምር በመሆኑ ስህተቱ የመዝገብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በቢሉ ላይ እንደተዘረዘረው የመጀመሪያው 5 ሜትር ኩብ በ8 ብር፣ ቀጣዩ 5 በ14 ብር፣ ከዚያ እስከ 20 ያለው በ22 ብር፣ እስከ 40 ያለው በ38 ብር፣ ከ40 በላይ የሆነው ደግሞ በ55 ብር ተባዝቶ 2,080 ብር መጥቷል፤ 20 ብር የቆጣሪ ኪራይ ሲጨመር 2,100 ይሆናል። ፍጆታው በየወሩ ቢከፋፈል ኖሮ ግን ከሦስተኛው እርከን ባላለፍንም ነበር፤ የወሩ ሂሳብ ከነኪራዩ 251 ብር፣ የስድስቱ ወር ድምር 1,506 ብር ይሆን ነበር። ከዚህ ላይ በአምስቱ የግምት ወራት በወር በ88 ብር ሂሳብ የከፈልኩት 440 ብር ሲቀነስ የሚቀርብኝ ዕዳ 1,066 ብር ነው። ከ2,100 ብሩ ቀሪው 1,034 ብር ያላወጣነው ውሃ ዋጋ በመሆኑ አልቀበለውም። በግምት ወራት አነስ ያለ ሂሳብ መክፈሌን ጥቅም አድርጌ ለመያዝ እንደማልፈልግ ከስሌቱ መረዳት ይቻላል፤ ድርጅቱ ለሸጠው ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ዋጋውን ያገኛል።

ጉዳዩን በቃል ባቀረብኩበት መስኮት የተሰጡኝ መልሶች አንዱ ከሌላው የሚጋጩ ነበሩ። መጀመሪያ ቧንቧችሁ ያፈሳል ተባልኩ። ውሃ በመጣበት ሌሊት የቤቱን ቧንቧዎች በሙሉ፣ የሮቶውን መግቢያ ጭምር ዘግተን ስንመለከት በቆጣሪው ፊት ላይ ያለችው ትንሿ ቀይ ኮከብ ንቅንቅ አላለችም፤ የሚያፈስ ቢኖር ቀድማ የምትዞረው እሷ እንደሆነች የእናንተው ባለሙያዎች ያውቃሉ። ቀጥሎ ተከራይ ጨምራችሁ ይሆናል ተባለ፤ በግቢው ያለነው ከእናቴ ጋር ስድስት ሰዎች ነን፣ ቁጥራችንም አልተለወጠም። በመጨረሻ የተነገረኝ “መጀመሪያ ይክፈሉ፣ ቅሬታዎ ከዚያ በኋላ ይታያል” የሚል ነው። የማልከራከርበትን 1,066 ብር እዚያው ልክፈል ብል ሲስተሙ ከፊል ክፍያ አይቀበልም ተባልኩ።

ይህ አሠራር ፍትሐዊ አይደለም። ከፍ ያሉት እርከኖች የተቀመጡት ብዙ ውሃ የሚያባክነው እንዲቆጥብና ትንሽ የሚጠቀመው በአቅሙ እንዲከፍል ነው፤ ቆጣሪው ስላልተነበበ ብቻ አንድን ቤት ከሦስተኛው እርከን ወደ አምስተኛው ማሻገር ታሪፉ ከወጣበት ዓላማ ጋር አይገናኝም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 2164 የማይገባውን የከፈለ ሰው የከፈለው እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ኋላ ተመላሽ ለመጠየቅ ከመመላለስ አስቀድሞ ሂሳቡን ማረም ለድርጅቱም ለእኔም ይቀላል።

ስለሆነም የየካቲት ሂሳብ ተሰርዞ 93 ሜትር ኩቡ ከመስከረም እስከ የካቲት ባሉት ስድስት ወራት ላይ ተከፋፍሎ እንዲሰላና የሚቀርብኝ 1,066 ብር የሚል የታረመ ቢል እንዲሰጠኝ፣ ቅሬታው ታይቶ በጽሑፍ መልስ እስኪሰጠኝ ድረስም በውዝፍ ስም ቅጣት እንዳይታሰብብኝና ውሃችን እንዳይቆረጥ እጠይቃለሁ። በቢሉ ጀርባ ያለው ማስጠንቀቂያ ያልተከፈለ ሂሳብ ያለበት መስመር እንደሚቋረጥ የሚገልጽ በመሆኑ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ አስቸኳይ ነው፤ በቤቱ አቅመ ደካማ እናት አለች። የመጋቢት ንባብም ከ1,697 እንዲጀምር በዚሁ አጋጣሚ አሳስባለሁ።

በዚያው መንገድ ላይ ቆጣሪያቸው በገረጋንቲው ሥር የነበረ ሌሎች ቤቶች መኖራቸውንም ድርጅቱ እንዲያውቀው እፈልጋለሁ። ከመካከላቸው ሂሳቡ ለምን እንደ ናረ ሳይገባቸው ተበድረው የከፈሉ አሉ፤ የእኔ ሲታረም የእነሱም መዝገብ በዚያው ቢታይ እያንዳንዳቸው ማመልከቻ ይዘው እስኪመጡ መጠበቅ አያስፈልግም። ለጥያቄዬ መልስ ካላገኘሁ ለከተማው አስተዳደር ቅሬታ ሰሚ አካልና ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የማመለክት መሆኔን በአክብሮት እገልጻለሁ።

ከሰላምታ ጋር

የውል ባለቤትና አመልካች
(ፊርማ)

አባሪ፦ የኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ማመልከቻ ቀሪ፣ የስድስት ወር የሂሳብ ዝርዝር፣ 1,697 የሚነበብበት የቆጣሪ ፎቶ፣ የአምስት ወር የቴሌብር ክፍያ ማረጋገጫ

ግልባጭ፦ ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ጽሕፈት ቤት