የክበባት ዘገባ፦ የታሪክና ጂኦግራፊ ክበብ በጎረቤት አገሮች ድንበር ላይ ያሳለፈው ዓመት

የትምህርት ቤታችን የታሪክና ጂኦግራፊ ክበብ በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን አንድ ርእስ ብቻ ይዞ እንዲዘልቅ የወሰነው በመስከረም መጨረሻ ባደረገው የአባላት ስብሰባ ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት ክበቡ በየወሩ ርእስ እየቀያየረ አንዱንም ዳር ሳያደርስ ይዘጋ ስለነበር፣ አባላቱ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮችን ድንበር፣ በድንበሩ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ሕዝቦችን ትስስርና አገሮቹ ለመዋሃድ ያደረጉትን ሙከራ እንደ አንድ ጉዳይ ይዘው ዓመቱን ሙሉ ለመከታተል ተስማሙ። ሐሳቡን ያመነጩት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ኢጋድንና ኮሜሳን የተባሉትን የአካባቢያችን የትብብር ድርጅቶች ለፈተና ሲሉ ከነምሥረታ ዓመታቸው ከመሸምደድ በቀር ምን እንደሚሠሩ እንደማያውቁ በግልጽ ተናገሩ። ወቀሳው እኛን መምህራኑንም የሚመለከት በመሆኑ ሐሳቡን ሳላንገራግር ደገፍኩት።

የመጀመሪያው ሥራ ካርታ ማረም ሆነ። በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የአፍሪካ ካርታ ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 ነፃነቷን ከማወጇ በፊት የታተመ ስለሆነ፣ ሱዳን እስከ ኡጋንዳና ኬንያ ወሰን ድረስ በአንድ ቀለም ተዘርግታ ትታይበታለች። ሁለት ተማሪዎች አዲሱን ድንበር ከአትላስ ላይ እየተመለከቱ በእርሳስ አሰመሩት፤ አብዬ ላይ ሲደርሱ ግን ወደየትኛው ወገን እንደሚያደርጓት ቸግሯቸው እርሳሱን አስቀመጡ። የአብዬ ጉዳይ በሁለቱ መንግሥታት መካከል ዛሬም እልባት ያላገኘ በመሆኑ በነጠብጣብ መስመር እንዲከቧት ተስማማን። ቀጥለውም በካርታው ላይ ስስ ወረቀት ዘርግተው የሕዝቦችን አሰፋፈር በቀለም መሙላት ያዙ። አፋር በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በጅቡቲ፤ ሶማሌ በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያ፣ በጅቡቲና በኬንያ፤ ቦረና በኢትዮጵያና በኬንያ፤ ኑዌርና አኙዋ በጋምቤላና በደቡብ ሱዳን፤ በርታ በቤኒሻንጉልና በሱዳን፤ ትግርኛ ተናጋሪው በትግራይና በኤርትራ እያለ ወረቀቱ ሲሞላ፣ ሕዝብ ያልተጋራነው ጎረቤት አንድም እንደሌለ ታየ።

ከዚህ ተነሥተው ብዙዎቹ ተማሪዎች “ድንበሩን ሁሉ ነጮች በርሊን ላይ በማስመሪያ አሰመሩት” ወደሚለው መደምደሚያ ሮጡ። ድንበሩን ነጮች አሰመሩት መባሉ፣ መስመሮቹ በርሊን ላይ ሳይሆን በኋላ በተደረጉ ውሎች የተሰመሩ ቢሆኑም፣ ለብዙው አፍሪካ ከእውነት አይርቅም፤ ለእኛ አገር ግን እንዲሁ የሚወሰድ አይደለም። የኢትዮጵያ ድንበሮች በአብዛኛው የተወሰኑት የዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ከአድዋ ድል በኋላ ከፈረንሳይ፣ ከእንግሊዝና ከኢጣሊያ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1897 እስከ 1908 ባሉት ዓመታት በተፈራረማቸው ውሎች ነው። በሌላ አነጋገር አንደኛው ፈራሚ እኛው ራሳችን ነበርን፤ ያልተጠየቁት በመስመሩ ላይ የሚኖሩት ሕዝቦች ናቸው። ይህን ልዩነት ተማሪዎቹ ከእኔ አፍ እንዲቀበሉት ስላልፈለግሁ፣ ከኅዳር ወር ጀምሮ ውሎቹን ራሳቸውን እናነብ ጀመር።

ከውሎቹ ሁሉ ረጅም ጊዜ የወሰደብን እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1902 አዲስ አበባ ላይ በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው፣ የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን የሚመለከተው ውል ነው። የእንግሊዝኛውን ቅጂ አባዝተን ለየቡድኑ አከፋፈልን። የመጀመሪያዎቹ አንቀጾች ስለ ወሰኑ መስመርና ስለ መከለሉ ስለሚናገሩ ተማሪዎቹ ሰልቸት ብሏቸው ነበር፤ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ግን አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ንባቧን አቁማ፣ “ቲቸር፣ ይኼ እዚሁ አጠገባችን ያለው ጣና ነው?” ብላ ጠየቀች። እሱው ነው። በዚያ አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ካልተስማሙ በቀር የዓባይን፣ የጣናን ወይም የሶባትን ውኃ ፍሰት የሚያቆም ሥራ ላለመሥራትና ላለማሠራት ቃል ገብተዋል። ጣና ከሱዳን ወሰን ርቆ በአገራችን መካከል የሚገኝ ሐይቅ ነው፤ ቢሆንም በወሰን ውል ውስጥ ስሙ ተጠቅሶ ገብቷል። አራተኛውና አምስተኛው አንቀጽ ደግሞ በባሮ ወንዝ ዳር ኢታንግ አጠገብ ስለሚቋቋም የንግድ ጣቢያና ሱዳንን ከኡጋንዳ ጋር በኢትዮጵያ መሬት አሳልፎ ስለሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ ያወራሉ። ዛሬ ውህደት የምንለው ነገር፣ ማለትም ውኃው፣ ንግዱና መንገዱ፣ ያኔም አንድ ላይ ታስሮ ከወሰኑ ጋር መቅረቡን ተማሪዎቹ ያስተዋሉት በዚህ ንባብ ነው።

ታሪኩ በዚያ አላበቃም። እንግሊዝና ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1925 በተለዋወጡት ደብዳቤ፣ እንግሊዝ በጣና ላይ ግድብ ለመሥራት ኢጣሊያ እንድትደግፋት፣ ኢጣሊያም ኤርትራንና ሶማሊያን በኢትዮጵያ በኩል የሚያገናኝ ሐዲድ እንድትዘረጋ እንግሊዝ እንድትደግፋት ተስማምተው ነበር። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 በአባልነት ለገባችበት ለመንግሥታቱ ማኅበር በ1926 አቤቱታቸውን አቀረቡ፤ ሁለቱም መንግሥታት በኢትዮጵያ ላይ ጫና ለማድረግ አላሰብንም ብለው ለመመለስ ተገደዱ። ተማሪዎቹ ይህን ክፍል ወደ አጭር ድራማ ለውጠው በወላጆች ቀን አቅርበውታል። አልባሳቱ ከታሪኩ ዘመን ጋር እምብዛም የማይገናኝ ቢሆንም ንግግሩ በደንብ የተጠና ነበር።

ግብፅና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 ባደረጉት ስምምነት 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩቡን ለግብፅ፣ 18.5 ቢሊዮኑን ለሱዳን አድርገው ውኃውን ሲከፋፈሉ ኢትዮጵያ እንዳልተጠራች ከመማሪያ መጽሐፍም የሚታወቅ ነው። ለእኛ አዲስ የሆነው የጊዜው መግጠም ነው። ሥራ በጀመርንበት በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት የስድስት አገሮችን ማጽደቅ አግኝቶ በሥራ ላይ ዋለ። ኢትዮጵያ፣ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ኡጋንዳና ብሩንዲ ቀድመው ያጸደቁት ሲሆን ስድስተኛዋ ደቡብ ሱዳን ናት፤ ግብፅና ሱዳን ከስምምነቱ ውጭ ናቸው። ስለዚህ በአንድ ተፋሰስ ላይ ሁለት የማይገናኙ የስምምነት መስመሮች ጎን ለጎን እንዳሉ ለተማሪ ማስረዳት ቀላል አልነበረም፤ ከማቅለል ይልቅ እንዳለ ማስቀመጡን መርጫለሁ።

በየካቲት ወር “የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች በአንድ ፌዴራላዊ መንግሥት ሥር ቢጠቃለሉ ይበጃቸዋል” በሚል ርእስ ክርክር ተካሄደ። ደጋፊው ወገን የታንጋኒካን (የዛሬዋን ዋና ምድር ታንዛኒያን) መሪ ጁሊየስ ኔሬሬን ጠቀሰ፤ እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1960 ከኬንያና ከኡጋንዳ ጋር ፌዴሬሽን የሚመሠረት ከሆነ የታንጋኒካ ነፃነት ለጊዜው ቢዘገይም እንደማይከፉ ተናግረው ነበር። ዛሬ ስምንት አባላት ያሉት የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብም የመጨረሻ ግቡ የፖለቲካ ፌዴሬሽን መሆኑን በማቋቋሚያ ውሉ ላይ አስፍሯል። ሶማሊያና ደቡብ ሱዳን በአባልነት ገብተው ኢትዮጵያ አለመግባቷን ከተመልካቾቹ ብዙዎቹ የሰሙት በዚያን ዕለት ነው።

ተቃዋሚው ወገን በሁለት ታሪኮች መለሰ። አንደኛው የዚያው ማኅበረሰብ የመጀመሪያ ሕይወት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ተቋቁሞ በ1977 ፈረሰ። ጥቅሙ ወደ ኬንያ አዘንብሏል የሚለው ቅሬታ፣ የናይሮቢና የዳሬሰላም የኢኮኖሚ መንገድ መለያየት፣ ኢዲ አሚን በኡጋንዳ ሥልጣን ከያዘ በኋላም በእሱና በኔሬሬ መካከል የተፈጠረው ጠላትነት ተደማምሮ የጋራ አየር መንገዱና ባቡሩ ሳይቀር ተከፋፈለ። ሁለተኛው የራሳችን ነው። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋህዳ፣ በ1962 ፌዴሬሽኑ ሲፈርስ አስቀድሞ የተጀመረው የትጥቅ ትግል ተባብሶ፣ በ1993 ነፃ አገር ሆና፣ ከ1998 እስከ 2000 ደግሞ በባድመ ሰበብ ሁለቱ አገሮች ሲዋጉ ብዙ ሕዝብ አልቋል። ይህን የተናገረው ተማሪ ድምፁን ሳያነሣ አንድ በአንድ ስላስቀመጠው አዳራሹ በጥሞና አዳመጠው። ዳኞቹ ድሉን ለተቃዋሚው ወገን ሰጡ። እኔ ብጠየቅ ኖሮ ከደጋፊዎቹ መካከል ሦስተኛዋን ተናጋሪ አስቀድም ነበር፤ ምክንያቱም እሷ ብቻ ናት አንድ መንግሥት ከመባሉ በፊት በምን ገንዘብ እንደሚገበያዩ፣ የተበደለ ነጋዴ ለየትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያመለክትና ግብሩ ለማን እንደሚገባ በዝርዝር ያነሣችው።

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1964 ካይሮ ላይ አገሮች በነፃነታቸው ዕለት የነበራቸውን ድንበር እንዲያከብሩ ያሳለፈውን ውሳኔ፣ ሶማሊያና ሞሮኮ ያሰሙትንም ተቃውሞ በአንድ ስብሰባ አይተን አልፈናል። በታኅሣሥ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ስለ ባሕር በር ውዝግባቸው አንካራ ላይ የተስማሙበት መግለጫና በጥር ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር ከምዕራብ አፍሪካው የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ከኢኮዋስ መውጣታቸው በሚኒ ሚዲያ ተዘግቧል።

ከዓመቱ ሥራ ሁሉ የበለጠ ያስተማረን የገበያ ጥናቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ተማሪዎቹ በየሰፈራቸው ሱቅና በከተማው ገበያ እየዞሩ በዕቃዎች ላይ የተጻፈውን የአምራች አገር ስም መዘገቡ። የፓልም ዘይቱ፣ ጎማው፣ ስልኩ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃው ከእስያ ተነሥቶ በጅቡቲ ወደብ ያለፈ ነው፤ ጎረቤት አገር ውስጥ የተመረተ ዕቃ ግን አጥብቀው ፈልገው ያገኙት ጥቂት ብቻ ነው። የቀይ ሽንኩርት ነጋዴዎች በየጊዜው ስለሚገባው የሱዳን ሽንኩርት ነገሯቸው፤ የጥራጥሬ ነጋዴዎችም ባቄላና ሽምብራ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይወጣ እንደነበር፣ ሱዳን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ጦርነት ውስጥ ከገባች ወዲህ ግን ገዥው እንደተበተነባቸው አጫወቷቸው። የእኛ አገር ባቄላ ኻርቱም ላይ ፉል ሆኖ ይበላ ነበር ማለት ነው።

የጥናቱ ማጠቃለያ ላይ የአንድ ተማሪ አባት የሆኑ፣ ከባሕር ዳር በወረታና በወልዲያ አድርገው በሚሌ እስከ ድንበር ከተማዋ ጋላፊ ድረስ፣ ከዚያም ጅቡቲ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌር በእንግድነት ተገኙልን። ተማሪዎቹ “ጋሼ” እያሉ ስለ ጉምሩክ ኬላው፣ ትራንዚተሩ (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው) ስለሚያስጨርሰው ዲክላራሲዮን (የዕቃ ማሳወቂያ ሰነድ)፣ ስለ ወረፋው ጠየቋቸው። “ልጆቼ፣ ጋላፊ ላይ ወዲህም ወዲያም ያለው ሰው አፋር ነው፤ ሰላምታው አንድ ነው። እኔን የሚያቆመኝ የወረቀቱ ነገር ነው” አሏቸው። ከዚያም ከሊብሬያቸው ጋር አጥፈው የያዙትን የኮሜሳ ቢጫ ካርድ አውጥተው አሳዩ። ካርዱ አንድ መኪና በሌላ አባል አገር ውስጥ በሦስተኛ ወገን ላይ አደጋ ቢያደርስ አገር ቤት የተገባው ኢንሹራንስ እዚያም እንዲሠራ የሚያደርግ ነው። ተማሪዎቹ ካርዱን እየተቀባበሉ አገላብጠው አዩት፤ ዳር ዳሩ ተልጧል፣ የጣት ዘይትም ነክቶታል። ኮሜሳ ለእነሱ ከፈተና ጥያቄነት ወጥቶ በእጅ የሚያዝ ነገር የሆነው ያን ጊዜ ነው። እኔም የአካባቢያችን ውህደት እስካሁን በተጨባጭ የሠራው ከመሪዎች መግለጫ ይልቅ እንደዚህ ባሉ ጥቃቅን የሚመስሉ ወረቀቶች ላይ ነው የሚል አቋም አለኝ፤ የጎደለውም በብዛት እዚያው ነው።

ያልተሳካውንም ማስመዝገብ ይገባል። ወደ መተማ ታስቦ የነበረው የጥናት ጉዞ በመንገድ ሁኔታ ምክንያት ቀርቷል፤ ሞያሌ ላይ ኢትዮጵያና ኬንያ በጋራ የሚሠሩበትን የአንድ ማዕከል የድንበር ጣቢያ የማየቱ ሐሳብም ከበጀታችን በላይ ነው። ሁለቱም ከምኞት መዝገብ አልተሰረዙም። ክበቡ የራሱ በጀት ስለሌለው የፎቶ ኮፒና የቀለም ወጪ የተሸፈነው ከአባላት መዋጮና ከወላጆች ቀን የሻይ ሽያጭ ነው።

በመጪው ዓመት የትብብር ማዕቀፉን ስምምነት አንቀጽ በአንቀጽ ከ1902ና ከ1959 ውሎች ጋር ለማነጻጸር ታቅዷል። ለዚህም በወሰን፣ በጉምሩክ ወይም በወጪና ገቢ ንግድ ሥራ ልምድ ያላችሁ ወላጆች ለእንግድነት ፈቃደኛ ከሆናችሁ በትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት በኩል እንድታሳውቁን እንጠይቃለን። የታረመው ካርታና የሕዝቦች አሰፋፈር የተሣለባቸው ስስ ወረቀቶች በቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጠዋል፤ የገበያ ጥናቱ መዝገብም በውሰት ይገኛል። የክበቡ ስብሰባ እንደ ዘንድሮው ረቡዕ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚካሄድ ሲሆን፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችም ከመስከረም ጀምሮ መመዝገብ ይችላሉ።