ወንድሜ በስሙ ይጠራ፦ ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ የአእምሮ ሕሙማን በጤና ተቋማትና በመገናኛ ብዙኃን ስለሚጠሩበት ቃል

ክቡር የመምሪያው ኃላፊ፣

እኔ መንዝ ውስጥ የማስተምር መምህር ነኝ። ይህን ጉዳይ በማመልከቻ መልክ ወደ መዝገብ ቤት ከመላክ ይልቅ በአደባባይ ልጽፈው የወደድሁት የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ ስላልሆነና፣ እስከ ዛሬ በየጓዳው ተሸፍኖ የኖረውም ሰው ፊት የምናነሳበት ጨዋ ቃል ስላጣንለት ነው።

ታናሽ ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም ከጀመረው ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። በየወሩ አንድ መርፌ ይወጋል፤ ማታ ማታ ክኒን ይውጣል። ሕክምናውን ካላቋረጠ ያርሳል፣ በጎቹን ያግዳል፣ ገበያ ወጥቶም ሒሳቡን ሳይሳሳት ይመለሳል። ባለፈው ዓመት በጥር ወር፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ጤና ተቋም ካርድ ክፍል ፊት ተሰልፈን ሳለን፣ ካርድ የምታወጣው ልጅ በመስኮቱ ብቅ ብላ «የእብዱ ቤተሰብ ማነው?» ስትል ተጣራች። ክፋት አልነበረባትም፤ ከእኛ በፊት «የሕፃኗ እናት» ብላ በጠራችበት ድምፅ ነው የጠራችን። ወንድሜ የለበሰውን በርኖስ እስከ ዓይኑ ድረስ ስቦ ከሰልፉ ወጣ። በር ላይ ደርሼ ክንዱን ስይዘው «ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ» አለኝ እንጂ ሌላ ቃል አልወጣውም። ከዚያ ቀን በኋላ እንኳን ለመርፌው፣ ለጥርስ ሕመም እንኳ ወደዚያ ግቢ እንዲሄድ ማግባባት አልተቻለም። በአራተኛው ወር አንድ ሌሊት ከቤት ወጥቶ ጠፋ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ፈልገን አፋፍ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። እጁን በጠፍር አስረን ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል የወሰድነው እኛው፣ የገዛ ወንድሞቹ ነን።

ይህን የምጽፈው ልጅቷን ለመክሰስ አይደለም። እርሷ የተናገረችው ሁላችንም የምንናገረውን ነው። «ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል» የሚል ተረት አለን፤ መስማት የተሳነውንም የአእምሮ ሕመምተኛውንም በአራት ቃል ጠራርጎ ይሄዳል። ክፍሌ ውስጥ መስማት የተሳናት አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ለመስማት አለመቻልም ለአለማወቅም «ደንቆሮ» የሚል አንድ ቃል ስላለን፣ ልጅቷ ማወቋን ለማሳየት ከሌሎቹ እጥፍ መድከም ነበረባት። ተረት በሰርኩላር እንደማይሻር አውቃለሁ፤ እንዲሻርም አልጠይቅም። የምጠይቀው መንግሥት የራሱን አፍ እንዲገራ ነው።

የመንግሥት አፍ ሲገራ የሕዝቡም እየተከተለ እንደሚለወጥ አይተናል። አባቶቻችን «ቆማጣ» ይሉት የነበረው ሰው ዛሬ በሬዲዮ የሥጋ ደዌ ተጠቂ ነው የሚባለው። ትናንት በደብዳቤ ላይ «አካለ ስንኩላን» ተብለው ይጻፉ የነበሩት ዛሬ አካል ጉዳተኞች ተብለዋል፤ ይህን ለመልመድ የፈጀብን ከአንድ ትውልድ ዕድሜ አይበልጥም። የአእምሮ ሕመምተኛው ግን ከዚህ ለውጥ ወደ ኋላ ቀርቷል። የበዓል ጭውውቱ ዛሬም ሳቅ ሲያጥረው ወፈፌ ገጸ ባሕርይ ያስገባል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደግሞ ነዋሪዎቹ ከ2,000 በሚያንሱበት የገጠር ቀበሌ፣ ቤተሰቡ የሚጠብቀውንና እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ የከለከለውን ሰው እብደቱ እንደታወቀ ይቆጥረዋል። በእኛ አገር ማሰር የሕመሙ ማስረጃ መሆኑ ነው!

ከዚያ ወዲህ የወጡት ሕጎች መንፈሳቸው ሌላ ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ረዘም ላለ ጊዜ የቆየ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውንም ይጨምራል። በአንቀጽ 8 ደግሞ መንግሥት የተዛቡ አመለካከቶችን እንዲዋጋ፣ መገናኛ ብዙኃንም አካል ጉዳተኞችን ከስምምነቱ ዓላማ ጋር በሚስማማ መልክ እንዲያቀርቡ እንዲያበረታታ ያስገድደዋል። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም አካል ጉዳተኝነትን ከብሔርና ከሃይማኖት ጋር ጠቅሶታል። የካርድ ክፍሉ ጥሪ ጥላቻ አይደለምና በዚህ አዋጅ ማንም ይጠየቅልኝ አልልም፤ ሕግ አውጪው ጉዳዩን ከምንገምተው በላይ እንዳከበደው ለማሳየት ብቻ ነው ያነሳሁት።

ነገሩ በተለይ ለዞናችን አጣዳፊ ሆኗል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ያዩ፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ሲዘልቅ የሸሹ፣ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የተጠለሉ ሰዎች በመካከላችን ይኖራሉ። በር ድው ባለ ቁጥር የሚደነግጥ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው «አበደ» መባልን ፈርቶ ሐኪም ዘንድ ካልቀረበ፣ የተገዛው መድኃኒት መደርደሪያ ላይ ሊያረጅ ነው።

ስለዚህ በቅድሚያ የምለምነው፣ በዞኑ ባሉ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ማንኛውም ታካሚ በስሙ ወይም በካርድ ቁጥሩ ብቻ እንዲጠራ፣ ካርድ ክፍልም፣ ጥበቃም፣ ፋርማሲም የሚሠሩትን ሁሉ የሚመለከት መመሪያ እንዲወርድ ነው። ሥልጠና ሲሰጥ የሚጠሩት ሐኪሞችና ነርሶች ናቸው፤ ታካሚው መጀመሪያ የሚያገኘው ግን ዘበኛውን ነው። ከዞኑ የኮሙኒኬሽን መምሪያ ጋር ተነጋግራችሁ በማኅበረሰብ ሬዲዮና በድምፅ ማጉያ የሚነገሩ ማስታወቂያዎች «የአእምሮ ሕመም»፣ «የአእምሮ ሕመምተኛ» የሚሉትን ቃላት እንዲይዙ ብታደርጉም ወጪው የአንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ወጪ የሚጠይቀው ሌላው ነው። ወርኃዊው መርፌ በየወረዳው ጤና ጣቢያ ሳይቋረጥ ቢገኝ፣ ለአንድ መርፌ ሙሉ ቀን በአውቶቡስ የሚንገላታው ሰው ይቀንሳል።

ጸበሉንም በተመለከተ ጥቂት ልበል። እኔ ራሴ አማኝ ነኝ፤ ወንድሜን ወደ ሸንኮራ በመውሰዴ አልጸጸትም። የምጸጸተው መድኃኒቱን ቤት ትቼ በመሄዴ ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ በግልጽ በመናገራቸው ብዙ ሰው ሁለቱንም አስተባብሮ መውሰድ ችሏል። መምሪያው ከሀገረ ስብከቱ ጋር ተመካክሮ ለአእምሮ ሕመምም ይኸው ቃል በሸንኮራ ዮሐንስና በጻድቃኔ ማርያም ከአባቶች አንደበት እንዲሰማ ቢያደርግ፣ ከጸበሉ ቦታ አቅራቢያም መርፌውን የሚሰጥ ነርስ ቢመድብ፣ እንደ እኔ ሁለቱን ለማስታረቅ አቅም ያጣ ቤተሰብ እፎይ ይላል።

ወንድሜ ከስድስት ወር ልመና በኋላ መርፌውን እንደገና ጀምሯል። የሚቀጥለው ቀጠሮው ጥቅምት 12 ቀን ነው፤ በዚያው መስኮት ፊት እንሰለፋለን። እስከዚያ መመሪያው ቢደርስልን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የመንዝ መምህር