የምስጋና መልእክት፦ በልጃችን ኀዘን አባቱንም ላሰባችሁ

በ32 ሳምንቱ የተወለደው የበኩር ልጃችን በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ሲረዳ ቆይቶ ከዚህ ዓለም በሞት በተለየን ጊዜ ከአጠገባችን ላልራቃችሁ ሁሉ፣ በባለቤቴና በራሴ ስም ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

አስቀድሜ የማመሰግነው የክፍሉን ነርሶች ነው። አባት ብዙውን ጊዜ መድኃኒት ገዝቶ እንዲያመጣ ብቻ በሚጠራበት ቦታ፣ እነሱ ሸሚዜን አስፈትተው ልጄን በባዶ ደረቴ ላይ አስተኙልኝ፤ የካንጋሮ እንክብካቤ የእናት ብቻ እንዳልሆነ፣ የአባትም ገላ ሕፃን እንደሚያሞቅ አስረዱኝ። በትከሻው ላይ የነበረውን ስስ ለስላሳ ፀጉር ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አርባ ቀኑን መጠበቅ እንደማይቻል ሲታወቅ በሌሊት ደርሰው ያጠመቁልን የነፍስ አባታችንም እግዚአብሔር ይስጥልን።

በእኛ ዘንድ ጨቅላ ሲሞት ብዙ ጊዜ ድንኳን አይጣልም፤ ቀብሩም በጥቂት ሰዎች ቶሎ ይፈጸማል፤ ሊያጽናና የመጣውም «ገና ልጆች ናችሁ፣ ሌላ ይሰጣችኋል» ብሎ ይነሣል። ክፋት የለበትም፤ ብዙ ሕፃናት የቀበረ ሕዝብ ራሱን ያጽናናበት መንገድ ይመስለኛል። ሆኖም «አንተ ወንድ ነህ፣ እሷን አበርታት» የተባለ አባት የራሱን ዕንባ የሚያፈስበት ስፍራ ያጣል። ስለዚህ ደንቡ ባያስገድዳቸውም ወንበር አስመጥተው ከእኔ ጋር ያመሹትን የእድራችንን ዳኛ፣ እንዲሁም «ስሙን ማን አላችሁት?» ብለው ጠይቀውኝ፣ እሳቸውም በወጣትነታቸው የቀበሩትን ሕፃን ስም የነገሩኝን የሰፈራችንን አዛውንት ውለታ አልረሳም። ልጅ ላልታቀፈችው አራስ አጥሚቱንና ገንፎውን ሳታጓድሉ ያቀረባችሁ እናቶችም ክብረት ይስጥልን።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት ሚስቱ ስትወልድ 3 ተከታታይ ቀናት፣ ልጁ ሲሞት ደግሞ 3 የሥራ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። ሁለቱም ፈቃድ ወዲያው ሲያልቅብኝ፣ ሳልጠይቃችሁ ተራዬን እየሸፈናችሁ እንዳርፍ ያደረጋችሁ የሥራ ባልደረቦቼ ባለውለታዎቼ ናችሁ።

በየቤታችሁ እየዞርኩ ማመስገን ስላልቻልኩ ይህን መልእክት እንደ መምጣት ቁጠሩልኝ፤ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልን።